የእቴጌይቱ ቤት፣ የልብስ ሰፊው በር

የምኖርበት ሰፈር ሴንቴኒያል ሂልስ ይባላል። በላስ ቬጋስ ከተማ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቻርልስተን ተራራ በሚወስደው አቅጣጫ ይገኛል። ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የመቶ ዓመት ኮረብቶች» እንደ ማለት ነው። ይሁንና በሰፈሩ ውስጥ መቶ ዓመት የሞላው ነገር ቢፈለግ ከድንጋዩና ከአሸዋው በቀር የሚገኝ አይመስለኝም። የእኔው ቤት ከበኩር ልጄ በዕድሜ ያንሳል። ሕመምተኞችን የምቀበልባት ክፍልም በአንድ ረድፍ ከተደረደሩ ሱቆች መካከል፣ ጥርስ ሐኪምን በቀኝ፣ ጸጉር አስተካካይን በግራ ይዛ የተቀመጠች የኪራይ ክፍል ናት።

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ወደዚህች ክፍል አንድ ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ የተጠጋ ያገሬ ሰው የደም ግፊታቸውን ሊያስለኩ መጡ። የአራዳ ልጅ ናቸው፤ በዚህ ከተማ ወደ ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የሆቴል መኝታ ክፍል ሲያጸዱ ኖረው በጡረታ ያረፉ። መለኪያው ክንዳቸውን አጥብቆ እንደ ያዘ፣ «ዶክተር፣ ጣይቱ ፈረሰች ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ። በዚያ ሰሞን የፒያሳና የአካባቢው መፍረስ በየስልኩ ይወራ ነበር። ቁጥሩን አየሁት፤ ከወትሮው በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒት ከመጨመሬ በፊት አዲስ አበባ ወዳለችው እኅቴ ደወልሁ። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል፤ ጣይቱ ሆቴል ግን ቆሟል አለችኝ። ይህንኑ ነገርኋቸው። «ተመስገን» ብለው ዐይናቸውን ከደኑ። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ደግሜ ብለካ ግፊቱ ወርዶ አገኘሁት።

«አባባ፣ ጣይቱ ሆቴል አድረው ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ? አንድም ሌሊት። ቡና የጠጣሁትም ሁለት ጊዜ ነው፤ ለዚያውም አንዱን ሰው ጋብዞኝ» አሉ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ መልስ ተወለደ። ካርታው በስሙ ያልሆነ፣ ቁልፉን ጨብጦ የማያውቅ፣ አንዲት ሌሊት እንኳ ያላደረበት ሰው ስለ አንድ ቤት ደሙ የሚፈላ ከሆነ፣ ቤት የማን ነው? እኛ ሐኪሞች ከሕመምተኛ ፊት ስንቀመጥ ከሁሉ አስቀድመን የምንጠይቀው ታሪኩን ነው። እኔም የሁለት ቤቶችን ታሪክ ልጠይቅ ተነሣሁ፤ አንዱ ከመኖሪያዬ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቅ፣ ሌላው ውቅያኖስ የሚያቋርጡለት። ሁለቱም እንግዳ ማሳደሪያዎች ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ ባሉት ሆቴሎች ሚዛን ትንንሽ ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው።

ላስ ቬጋስ ከተማ ሆና የተወለደችው በጨረታ ነው። በግንቦት ወር 1905 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ኩባንያው በረሓውን በገመድ ሸንሽኖ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳበት ቀን መሬቱን ለተጫራች አቀረበ። ጆን ሚለር የሚባል ሰው ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን የማዕዘን ቦታ በ1,750 ዶላር ገዛ። መጀመሪያ ድንኳን ተክሎ እንግዳ አሳደረ፤ በጥር ወር 1906 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ሆቴል ኔቫዳ» የተባለውን ግንብ ከፈተ። ክፍሎቹ በጎንና በጎን 10 ጫማ ነበሩ፤ የአንድ ቀን ኪራያቸው 1 ዶላር። የኤሌክትሪክ መብራት ነበራቸው። በ1907 እ.ኤ.አ. ስልክ ወደ ከተማዋ ሲገባ የመጀመሪያው መስመር ለዚህ ቤት ተሰጠ፤ ቁጥሩም 1 ነበር።

ጥር 1906 እ.ኤ.አ. በእኛ አቆጣጠር 1898 ዓ.ም. ነው። በዚያው በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአራዳ፣ በእቴጌ ጣይቱ ፈቃድ ሌላ የእንግዳ ቤት ተጀመረ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም ሥራውን ጀመረ። አንዳንድ የእንግሊዝኛ የጉዞ መጻሕፍት ሆቴሉ በ1898 ተሠራ ብለው ሲጽፉ የአገራችንን ዓመት እንደ ራሳቸው ቈጥረው ቤቱን ሰባትና ስምንት ዓመት አስረጅተውታል። ስሕተቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ታሪካችን በሌላ ሰው ቀን መቁጠሪያ ሲነበብ ምን እንደሚሆን ያሳያል።

የሚለርን ዓላማ ለመረዳት ብዙ ማሰብ አያሻም፤ ባቡር መንገደኛ ያወርዳል፣ መንገደኛ አልጋ ይፈልጋል። የእቴጌይቱ ዓላማ ግን ከዚህ የጠለቀ ነበር። ከዐድዋ ድል ወዲህ የውጭ አገር መልእክተኛ፣ ነጋዴና ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ይጎርፍ ጀመር። በጥንቱ ሥርዓት የንጉሥ እንግዳ ድርጎ ይሰፈርለታል፤ እንጀራው፣ ሙክቱ፣ ጠጁ፣ ማሩ ከግቢ ይወጣለታል። በእኛ ዘንድ ለእንግዳ የቀረበ እንጀራ ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ተተምኖለት መሸጡ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ስለዚህ ሆቴል መክፈት ማለት ግንብ ማቆም ብቻ አልነበረም። ሰውን ያለ ዝምድና፣ ያለ ውለታ፣ በገንዘብ ብቻ ማስተናገድን ማስለመድ ነበር። ሲነገር የኖረው ታሪክም ይህንኑ ያመለክታል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄደው ከበሉ በኋላ ሒሳብ ከፈሉ ይባላል፤ ንጉሥ የከፈለውን ማን ነውር ነው ይላል?

የቤቲቱ ጎረቤቶችም የዚያው ዘመን ልጆች ነበሩ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1906 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። በ1910 እ.ኤ.አ. ሜራብ የሚባል ጆርጂያዊ ሐኪም በአገሩ ስም «ላ ጆርጂ» ብሎ የሰየመውን መድኃኒት ቤት በአዲስ አበባ ከፈተ፤ በከተማይቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ መድኃኒት ቤት እርሱ ነው። ይህን የሙያ ባልደረባዬን ሳስብ ልቤ ይነካል። በስደት የተማረ፣ በሰው አገር የሚያክም፣ በሱቁ በር ላይ የአገሩን ስም የጻፈ ሰው! እዚህ ላስ ቬጋስ ውስጥ በየምግብ ቤቱ ደጃፍ የምናየውን የኢትዮጵያ ስም ስመለከት ዶክተር ሜራብ ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ ባለቤቶቹን እንከተል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉ ከተከፈተ በኋላ በሥልጣን የቆዩት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ዐፄ ምኒልክ በሕመም ሲወድቁ መንግሥቱን የያዙት እርሳቸው ነበሩ፤ በመጋቢት ወር 1910 እ.ኤ.አ. ግን የሸዋ መኳንንት ከሥልጣን አገለሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1913 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ በዚያም በየካቲት ወር 1918 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ከተማይቱን የቆረቆሩ፣ ስሟንም ያወጡላት እቴጌ የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት የመሠረቷትን ከተማ ከተራራ ላይ ቁልቁል እያዩ ነው። ሆቴሉ ግን አልተዘጋም። ግሪኮች አስተዳደሩት፤ በአንድ ወቅትም «ኢምፔሪያል» ተብሎ ተጠራ። በግንቦት 1936 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ አዲስ አበባ ገባች። የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረች፤ በአምስት ዓመትም ውስጥ ተባርራ ወጣች፤ «ፒያሳ» የሚለውን ስም ግን ትታልን ሄደች። ከዚያ ንጉሡ ተመለሱ፤ ከዚያ ደርግ መጣ፤ ሆቴሉም የመንግሥት ሆነ። ከደርግ በኋላ ደግሞ ወደ ግል ባለንብረት ተላለፈ።

የአቶ ሚለር ቤትም ብዙ እጅ ዞሯል፤ ስሙም እንዲሁ። በ1910 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ ቁማር ሲከለከል የቁማር ጠረጴዛዎቹ ተነሡ፤ በ1931 እ.ኤ.አ. ሲፈቀድ ቤቱ ሰፋና «ሳል ሳጌቭ» ተባለ፤ ይህም ላስ ቬጋስ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ የሚሰጠው ድምፅ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ከሳን ፍራንሲስኮ የመጡ የኢጣሊያ ዘር ያላቸው ሸሪኮች ምድር ቤቱን ይዘው በከተማቸው ታዋቂ ድልድይ ስም «ጎልደን ጌት» አሉት፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ስሙ ለመላው ሕንፃ ሆነ። በ1959 እ.ኤ.አ. በ50 ሳንቲም መሸጥ የጀመሩት የሽሪምፕ ኮክቴል ለአሥርተ ዓመታት የከተማይቱ መታወቂያ ሆኖ ኖረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዲትሮይት አካባቢ የመጡ ወንድማማቾች ድርሻ ገዝተው ገቡ። ቤቱ ዛሬም በፍሪሞንት ጎዳና ቁጥር 1 ላይ ቆሟል።

በእነዚህ ሁለት ታሪኮች መካከል ያለው ልዩነት ቶሎ ይታያል። በዚህ በክላርክ ካውንቲ ማንም ሰው የአንድን መሬት ባለቤቶች ዝርዝር መመልከት ይችላል፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ በስንት ሸጠ የሚለው በመዝገብ ተቀምጧል። የእኔን የኪራይ ክፍል የያዘው የሱቅ ረድፍ እንኳ ዕድሜው አንድ ትውልድ ሳይሞላ የባለቤቶቹን ስም ተራ በተራ አንብቤአለሁ። በእኛ አገር የባለቤትነት ለውጥ በውል ሲካሄድ የኖረውን ያህል በአዋጅም ተካሂዷል። አንድ ጧት ራዲዮ ይናገራል፤ ማታ ቤቱ የሌላ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም የምናገረው። አባቴ ከዶሮ ማነቂያ አለፍ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ ባለ ሁለት ክፍል ሱቅ ነበራቸው። ሥራቸው የጽሕፈት ሥራ ሲሆን ሱቁን ለአንድ ልብስ ሰፊ አከራይተውት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲታወጅ እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። አባቴ ራዲዮኑን ሰምተው ሲያበቁ ዘጉት፤ ከዚያ ካርታውንና የግብር ደረሰኞቹን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጡት። የሱቁ ኪራይ በወር ከ100 ብር በታች ስለ ነበረ ቀበሌ ተረከበው። ልብስ ሰፊው እዚያው ቀረ፤ ኪራዩን የሚከፍልበት እጅ ብቻ ተለወጠ። አባቴ ከዚያን ቀን ወዲያ በዚያ መንገድ አላለፉም። ወደ ጊዮርጊስ ሲሳለሙ እንኳ ዞረው ይሄዱ ነበር። ከሁሉ በላይ ያዘኑት በመንግሥት አልነበረም፤ በልብስ ሰፊው ነበር። «ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ሰላም ይለኛል» ይሉ ነበር። ሰውየው ሰላም ከማለት በቀር ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ይህን ጥያቄ ግን አባቴ በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኋቸውም። ለሕክምና ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄድሁ፤ ከዚያም ወደዚህ ተሻገርሁ፤ እሳቸውም እኔ በሌለሁበት ዐረፉ። ቆርቆሮው በእኅቴ እጅ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ።

በ2002 ዓ.ም. ለዕረፍት አገሬ ስገባ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እግሬ ወደዚያ ሱቅ ወሰደኝ። ልብስ ሰፊው ሸምግሏል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከመኪናው ኋላ ተቀምጧል። ገና ከመግባቴ ፊቴን አይቶ የማን ልጅ እንደ ሆንሁ ዐወቀ። ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁን በሱሪው ጠረገና በሩን አሳየኝ፤ ሁለት ተካፋች፣ ወፍራም የጽድ እንጨት በር። «አባትህ ያስገጠሙት ነው። ሁሉም በብረት ሲቀይር እኔ አልቀየርሁትም። በየዓመቱ ዘይት እቀባዋለሁ። ጌቶች አንድ ቀን መጥተው ያዩት እንደ ሆነ ብዬ ነበር» አለኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት! እኔ ካርታው በእጄ ሳለ በሩ ከምን እንደ ተሠራ አላውቅም ነበር። እርሱ ካርታ ሳይኖረው በሩን ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም በሩም ሄዱ። ልብስ ሰፊው ከዚያ በፊት ማረፉን እኅቴ ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ የሕንፃን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል። ታሪኩ የሚጻፈው በባለቤቶች ሰንሰለት ነው፤ እገሌ ሠራው፣ እገሌ ገዛው፣ መንግሥት ወረሰው፣ እገሌ በጨረታ ወሰደው። ነገር ግን ባለቤት ቤትን ይይዛል እንጂ ዘወትር አይጠብቀውም። የጣይቱን ሆቴል ሰፋፊ በረንዳዎች የጠረገው፣ የእንጨት ወለሉን የወለወለው፣ ደረጃው ሲሰነጠቅ ሚስማር የመታው፣ በጾም ወራት በቡፌው ላይ ሽሮውንና ምስሩን የደረደረው ማን ነው? ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ሆቴሉ በእሳት ሲያያዝ፣ ጃዛምባ የሚባለው የሙዚቃ አዳራሹም ሲቃጠል፣ የከተማው ሰው እንደ ቤተ ዘመድ ሐዘን ደጃፉ ላይ የቆመው የአክሲዮን ድርሻ ኖሮት አልነበረም። ለቤቱ ስም የሆኑት እቴጌ ቤቱን የያዙት ለጥቂት ዓመታት ነው፤ ስማቸውን ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የጠበቁት ስማቸው በየትም መዝገብ ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው።

ይህን ስል የመዝገብን ጥቅም እያቃለልሁ አይደለም። መዝገብ ያለው ሰው መብቱን ይጠይቃል፤ መዝገብ የሌለው ይለምናል። አባቴን ያቆሰለውም መዝገባቸው ዋጋ ማጣቱ ነው። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ቤት አያቆምም። ለዚህ ከላስ ቬጋስ የተሻለ ምስክር የለም። በዚህ ከተማ ወረቀቱ ያልተሟላ ሕንፃ የለም፤ ያም ሆኖ ዱንስ በ1993፣ ሳንድስ በ1996፣ ስታርደስት በ2007፣ ሪቪዬራ በ2016 እ.ኤ.አ. በፈንጂ ፈርሰዋል። በጥቅምት 9 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ትሮፒካና፣ በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ርችት ተተኵሶለት፣ ሰማዩ በድሮን መብራት ደምቆ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደ አቧራ ተለወጠ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ፒያሳ ሲፈርስ ግን ያለቀሱ ነበሩ። አንዱ ከሌላው ይሻላል ለማለት አይደለም፤ ማልቀስም ማጨብጨብም የፈረሰውን አይመልስም። ልዩነቱ ሰው በቤቱ ላይ ካለው የልብ ድርሻ ነው።

ትሮፒካና በፈረሰ በሳምንቱ እኚያን አዛውንት ይዤ ወደ ፍሪሞንት ጎዳና ወረድሁ። ከጎልደን ጌት ፊት ቆመን ስለ ሚለርና ስለ ድንኳኑ፣ ስለ 1,750 ዶላሩም ነገርኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ቀና ብለው መስኮቶቹን በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። እዚህ ቤት ሠርተው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። «እዚህ አይደለም፤ እዚያ ማዶ ነው» አሉና ወደ ሌላ ሆቴል ጠቆሙኝ። «በቀን አሥራ አራት ክፍል። የእያንዳንዱን ክፍል መስኮት ዐውቀዋለሁ፤ የትኛው እንደሚያጣብቅ፣ የትኛው ነፋስ እንደሚያስገባ። ባለቤቶቹ ሦስት ጊዜ ተለዋወጡ። አንዳቸውም መስኮቱን አያውቁትም ነበር።»

በዚያች ማታ ቤቴ ገብቼ ቆርቆሮውን አወረድሁ። የካርታውን ቅጂ ባዶ ጀርባ ገልብጬ የማስታውሰውን ጻፍሁበት፤ የአባቴን ስም፣ ሱቁ የነበረበትን ቦታ፣ ከ1967 እስከ 2016 ዓ.ም. የሆነውን። ከሥሩ የልብስ ሰፊውን ሙሉ ስም ጻፍሁ፤ በሩ ከጽድ እንደ ነበረና በየዓመቱ ዘይት ይቀባ እንደ ነበረም። ይህን የሚያነብ ወገኔም እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ከአልጋው ሥር እንደሚኖረው አልጠራጠርም። ይክፈተው። የካርታውን ቅጂ ለልጆቹ ሲሰጥ፣ ተከራዩን፣ ዘበኛውን፣ ምግብ አብሳይዋን፣ በሩን የጠበቀውን ሰው ስም በጀርባው ይጻፍ። አባቴ ቢኖሩ ኖሮ የልብስ ሰፊው ስም ከስማቸው ሥር መጻፉን ይወዱት ይሆን? መጀመሪያ የሚቆጡ ይመስለኛል። በኋላ ግን ስለ በሩ እንደሚጠይቁኝ ዐውቃለሁ።